እጅሽ የዘራውን እጅሽ ያርመው

ልጄ፣

ዛሬ ደውለሽ ስትነግሪኝ ስለ ሳቅሁ አትቀየሚኝ። አዲስ በገባሽበት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊሽ "ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ" ብለው ጻፉልሽ። አንቺም "እሺ፣ እገኛለሁ" ልትዪ "እሺ" ብለሽ ጀመርሽ። ስልኩ ከቁልፎቹ በላይ "ሆዴ" የሚል ቃል አቀረበልሽ፤ ጣትሽ ቸኮለችና ነካችው፤ "እሺ ሆዴ" ተብሎ ሄደ። "አክስቴ፣ ስልኩ አበደ!" አልሽኝ። ስልኩስ አላበደም። ለእጮኛሽ ጠዋት ማታ "እሺ ሆዴ" ስትዪ ከርመሽ፣ ይህቺ ልጅ "እሺ" ካለች ቀጥላ "ሆዴ" ትላለች ብሎ ተማረ። ተማሪው ጎበዝ ነው፤ መምህሩ አንቺ ነሽ።

እኔ 30 ዓመት ያህል በታይፕራይተር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ መኪና ምንም አይማርም ነበር። አንድን ስም ሺህ ጊዜ ብትጽፊበት ሺህ አንደኛውንም ራስሽ ትጽፊዋለሽ። ስትሳሳቺ ካርቦን የተደረበበትን ወረቀት አውጥተሽ እንደገና ከላይ መጀመር ነው። የዛሬው መሣሪያ ግን ከእጅሽ እየለቀመ ያጠራቅማል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጆቼ ስልክ ሲገዙልኝ፣ መጀመሪያ ተጣላሁት፤ ከዚያ እየጠየቅሁ እየሞከርሁ ጠባዩን ለመድሁት።

በአማርኛችን "ማረም" የምንለው ሁለት ሥራ ነው። የጤፍ ማሳ ይታረማል፤ ጽሑፍም ይታረማል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ እያዩ የሚሠሩት ነው። ለስልክሽ የምመክርሽም ይህንኑ ነው።

1. አረሙ ከየት እንደ በቀለ እወቂ።

ከቁልፎቹ በላይ የሚደረደሩት ቃላት ሁሉ ከአንድ ጎተራ አይመጡም። አንደኛው ጎተራ ኪቦርዱ ሲሠራ አብሮት የመጣው መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው አንቺ ስትጽፊ እያየ የለቀመው ነው። ይህኛው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናውንም ይይዛል፤ ያንቺ "ሆዴ" ከ"እሺ" ጎን የተቀመጠው በዚህ ነው። ሦስተኛው ራስሽ ሆን ብለሽ ያስገባሽው የግል መዝገበ ቃላት ነው። አራተኛም አለ፤ የስልክ ቁጥር ማውጫሽ። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ ማውጫሽ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም እንዲያቀርብልሽ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ስለዚህ የተጣላሻት ጓደኛሽ ስም በየመልእክቱ ብቅ እያለ ካስቸገረሽ፣ ከኪቦርዱ ደጋግመሽ ከማጥፋትሽ በፊት ስሟ ማውጫሽ ውስጥ እንዳለ እዪ። ሥሩ ሳይነቀል ቅጠሉን ብትቀጥፊ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

2. አንዱን ቃል በአንድ ጣት ንቀዪ።

አብዛኛው ችግር እዚሁ ያበቃል። የማትፈልጊው ቃል እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያ ፊደሎቹን ጻፊ፤ ላንቺ ጉዳይ "እሺ" ብሎ ክፍተት መስጠት ይበቃል። ቃሉ ከላይ ሲቀርብ ነክተሽ አትልቀቂው፤ ተጭነሽ ያዢው። በጂቦርድ የቆሻሻ ቅርጫት ምስል ይመጣል፤ ጣትሽን ሳታነሺ ቃሉን እዚያ ድረስ ጎትተሽ ትጥዪዋለሽ። በሳምሰንግ ኪቦርድ ተጭነሽ ስትይዢው "ይውጣ ወይ?" ብሎ ይጠይቅሻል፤ ትስማሚያለሽ። ስዊፍትኪ በሚባለው ኪቦርድም ነገሩ ያው ነው፤ ተጭኖ መያዝና ማስወጣት።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቃሉን ሳትይዢው ከነካሽው ወደ ጽሑፍሽ ይገባል፤ ከላክሽው ደግሞ ይባስ ታጠናክሪዋለሽ። ስለዚህ ይህን ሥራ በማስታወሻ ገጽ ላይ ሥሪው እንጂ ኃላፊሽ በሚያነቡት መስኮት ላይ አይሁን።

"ሆዴ"ን ስታወጪው ለእጮኛሽም መቅረቡ ይቀራል። ይቅር። ሁለት ፊደል ናት፤ ለእሱ ስትሆን በእጅሽ ጻፊያት።

3. ቃሉን በየአጻጻፉ ፈልጊው።

ይህ የፊደላችን ጣጣ ነውና ጠጋ ብለሽ ስሚኝ። "ፀሐይ" በስንት መንገድ ይጻፋል? መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ፣ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ሲባዛ 12። ለጆሮሽ አንድ ቃል ነው፤ ለስልኩ 12 ቃል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሰ እና ሠ ለማሽኑ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። "ሀይለኛ"ን አጠፋሁ ብለሽ ስትቀመጪ "ኃይለኛ" ከላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ግሡም እንዲሁ ነው። "መጣሁ" እና "መጣሽ"፣ "መጡ" እና "አልመጣም" ለእኛ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ለእሱ ግን አራት ባዕዳን ናቸው። በስህተት የተማረውን አንዱን ስትነቅዪ የቀሩትንም ጽፈሽ መፈተሽ አለብሽ። ይህን ድካም የሚያቀልልሽ አንድ መፍትሔ ብቻ ነው፤ ለራስሽ አንድ አጻጻፍ ምረጪና በእሱ ጽኚ። ዛሬ በሐመሩ ሐ፣ ነገ በሃሌታው ሀ እየቀያየርሽ ከጻፍሽ ስልኩ ሁለቱንም ይማራል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

አንድም ልጨምርልሽ። ስልክ አንቱታ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ከእኩዮችሽ ጋር "እንዴት ነሽ" ስትባባዪ ውለሽ ማታ ለነፍስ አባትሽ ስትጽፊ ያንኑ ያቀርብልሻል። ይህ የሚነቀል አረም አይደለም፤ ያለ ቦታው የበቀለ ጤፍ ነው። ቃሉን ትተሽ ዓይንሽን አንቂ።

4. አይፎን ከያዝሽ መንገዱ ሌላ ነው።

እህትሽ አይፎን ስለያዘች ይህን ለእሷ አንብቢላት። የአይፎን የራሱ ኪቦርድ አንዱን ቃል ለይቶ መንቀያ አልሰጠም፤ የተማረውን በጠቅላላ ማስረሳት ነው ያለው። ሴቲንግ ትከፍታለች፤ ጄነራል ትገባለች፤ ከታች ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን የሚለውን፣ ከዚያ ሪሴትን፣ ከዚያ ሪሴት ኪቦርድ ዲክሽነሪ የሚለውን ትመርጣለች። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃታል። ፎቶዋንም መልእክቷንም አይነካም። ግን ስሙን አስተውላ ታንብብ፤ እዚያው አጠገቡ ሌሎች ሪሴቶች አሉ፤ ስልኩን ባዶ የሚያደርገውም ከዚያ አይርቅም።

ከዚያ በፊት ግን ጄነራል ውስጥ ኪቦርድ፣ ቀጥሎ ቴክስት ሪፕሌስመንት የሚለውን ትመልከት። አንድ ቃል ስትጽፍ ወደ ሌላ እየተለወጠ የሚያስቸግራት ከሆነ፣ አንድ ቀን ራሷ ያስገባችው አሳጥሮ መጻፊያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ ለተንኮል ያስገባው። እዚያ ያለውን አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይኦኤስ 17 ወዲህ ደግሞ ስልኩ ራሱ ያረመውን ቃል ለጥቂት ጊዜ ከሥሩ ያሰምርበታል፤ ቢነኩት መጀመሪያ የተጻፈውን ይመልሳል።

5. ለአንድ ትኋን ብለሽ አልጋውን አታቃጥዪ።

ሁሉንም የሚደመስሰው ቁልፍ አንድሮይድም ላይ አለ። በጂቦርድ ሴቲንግ ውስጥ፣ እንደ ስልኩ እድሜ በዲክሽነሪ ወይም በፕራይቬሲ ሥር፣ የተማራቸውን ቃላት አጥፋ የሚል ታገኛለሽ። ስትነኪው ቁጥር ያሳይሽና ያንኑ መልሰሽ እንድትጽፊ ያደርግሻል፤ ሳታስቢበት እንዳታጠፊ ነው። በሳምሰንግ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ጄነራል ማኔጅመንት፣ ሳምሰንግ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ሪሴት ቱ ዲፎልት ሴቲንግስ ብለሽ ስትገቢ የተማረውን ግምት ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ አለ።

ይህ እሳት ነው። "ሆዴ" ሲቃጠል የአያትሽ ስም፣ የሰፈርሽ ስም፣ ለወራት ያስተማርሽው የመሥሪያ ቤትሽ ቃል ሁሉ አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ አስቀድመሽ የምትወጃቸውን ቃላት በግል መዝገበ ቃላትሽ አስገቢ፤ ያ ጎተራ ለብቻው ስለሆነ አይነካም። ለመንቀል ሁለት ደቂቃ ከበቃሽ እሳት አታንሺ።

6. ምስጢርሽን ከኪቦርድ ሰውሪ።

የይለፍ ቃል ስትጽፊ ነጥብ ነጥብ በሚመስለው ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ኪቦርዱ አይማርም። ያንኑ የይለፍ ቃል ግን ለወንድምሽ በመልእክት ብትልኪለት ወይም ማስታወሻ ላይ ብትጽፊው እንደማንኛውም ቃል ሊያስቀምጠው ይችላል። አንድ ቀን ስልክሽን ለሰው ስታውሺ ከላይ ብቅ ይላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ "እዚህ የሚጻፈውን አትማር" ብሎ ኪቦርዱን መጠየቅ ይችላል። ሲግናል የሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ይህን የሚያበራ ማስተካከያ አለው፤ በክሮም ስውር ገጽ ስትጽፊም ጂቦርድ መማሩን ያቆማል። ይሁን እንጂ ይህ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ሳይሰማ የሚያልፍ ኪቦርድም አለ። ስለዚህ ከማይታወቅ ቦታ የተጫነ ኪቦርድ አትጠቀሚ፤ ጣትሽ የነካውን ሁሉ የሚያይ እሱ ነውና።

ስልኩን መርካቶ ወስደሽ ልትሸጪው ወይም ለዘመድ ልትሰጪው ከሆነ ቃል ለቀማ አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መልሺው።

7. ሁለቱን ማሳ አትቀላቅዪ።

ውጭ አገር ያሉት ዘመዶችሽ አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ግራ ይጋባል። መጀመሪያ "ሰላም"ን ወደሚያውቀው እንግሊዝኛ ይለውጠዋል፤ እየተቆጡ ደጋግመው ሲጽፉት ደግሞ ይማረዋል። ከዚያ ለአሠሪያቸው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የአማርኛው ቃል መሐል ገብቶ ይቀመጣል። አንቺም ይህ ልማድ አለብሽ። አማርኛን በአማርኛው ኪቦርድ፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛው ጻፊ፤ የአንዱ አረም ወደ ሌላው አይዘልም። የግድ በላቲን የምትጽፊያቸው ጥቂት ቃላት ካሉ በግል መዝገበ ቃላትሽ አስቀምጪያቸውና ስልኩ መቀየሩን ይተው።

8. የኮምፒዩተሩን ለብቻው ያዢው።

ቢሮሽ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ቅጽ ስትሞዪ ከሳጥኑ ሥር የሚዘረገፈው አሮጌ ስምና አድራሻ የኪቦርድ አይደለም፤ የብራውዘሩ ትዝታ ነው። በቀስቱ ቁልፍ ወርደሽ የማትፈልጊው ላይ ስትደርሺ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ምቺ፤ ይጠፋል። ዎርድ ላይ ደግሞ የተሳሳተ ቃል ቀይ ሳይሰመርበት ካለፈ፣ አንድ ሰው በችኮላ ወደ መዝገበ ቃላቱ ጨምሮት ይሆናል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከዚያ ከስተም ዲክሽነሪስ ውስጥ ገብተሽ አውጪው።

9. ካረምሽ በኋላ መልሰሽ አትዝሪ።

ያወጣሽውን ቃል ደጋግመሽ ከጻፍሽው ስልኩ እንደገና ሊማረው ይችላል። ስዊፍትኪን ከአካውንትሽ ጋር ካገናኘሽው ደግሞ የተማረው እዚያ ይቀመጥና አዲስ ስልክ ስትገዢ ተከትሎሽ ይመጣል። ስልክ መቀየር ልማድ መቀየር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ማሽን ይገምታል እንጂ አያውቅም። ይህም የዛሬ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ቴጂክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቲ9 የሚባለውን ቃል ገማች ሲያወጣ፣ በቁጥር ቁልፍ ብቻ በሚሠሩት ስልኮች ላይ "ቡክ" እና "ኩል" የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱም 2665 ላይ ይወድቁ ነበር። መጽሐፍ ሊል የፈለገ ሰው ሌላ ብሎ ይልክ ነበር። ግምቱ ከዚያ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፤ ሳያነብ የሚልክ ሰው ግን ዛሬም ያው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ አባቶች። የጣት ወለምታም አንዴ ከተላከ ያው ነው፤ ከመላክሽ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብታነቢው ትደርሺበታለሽ።

ነገ ጠዋት ኃላፊሽን ስታገኚ "ትናንት ኪቦርዱ ነው፣ ይቅርታ" በዪና እለፊ፤ እሳቸውም ስልክ ስላላቸው ይገባቸዋል። ዛሬ ማታ ግን ከመተኛትሽ በፊት ባዶ ማስታወሻ ክፈቺ። "እሺ" ብለሽ ጻፊ፤ ከላይ ምን እንደሚመጣ እዪ። የማይሆነውን ተጭነሽ ያዢና ጣዪው። ቀጥለሽ "ሰላም" ብለሽ ጻፊ፤ እንደገና እዪ።