ውኃው ከመለካቱ በፊት ሰዉ ይጠየቅ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ተማሪ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ነገሩ ግን ተረት ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ካርታ ላይ የጮቄን ተራራ ፈልጉ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከእርሱ እየተነሡ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ዝናብ በክረምት ወራት ተጠቃልሎ ስለሚወርድ፣ ወንዞቹም ቁልቁል ገብተው በጥልቅ ሸለቆ ስለሚሄዱ፣ በበጋ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት በቢቸናም ሆነ በሞጣ አገር ብርቅ አይደለችም።

ውኃውን ለመያዝና ለማከፋፈል የሚያስፈልገውን የምሕንድስና ዕውቀት ሌሎች ይጻፉት። የዚህ መጠነኛ ጽሑፍ ዓላማ ከምሕንድስናው በፊት ስለሚመጣው ነገር፣ ይኸውም ሕዝብን ስለ ማማከር ጥቂት ለማስረዳት ነው።

ሀ/ ማማከር ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ማስታወቅ፣ ማሳመንና መጠየቅ። ሰዎችን ሰብስቦ «ጉድጓዱ እዚህ ይቆፈራል» ማለት ማስታወቅ ነው። «እዚህ መቆፈሩ ይጠቅማችኋል» ማለት ማሳመን ነው። «የት ይቆፈር? እዚህ ቢቆፈር ማን ይጎዳል?» ብሎ መልሱን መጠበቅ ግን መጠየቅ ነው፤ ማማከር የሚባለውም ይህ ብቻ ነው። መለያውም ቀላል ነው። ሕዝቡ የሰጠው መልስ ዕቅዱን ሊለውጥ የሚችል ከሆነ ምክር ነበረ፤ ሊለውጥ የማይችል ከሆነ ስብሰባ ብቻ ነበረ።

ለ/ ከ1960 ዓ.ም. የሚገኝ ትምህርት

ቢቸናና ሞጣ ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያስተምሩን አገሮች ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ግብሩን ከገቢ መጠን ጋር የሚያስተካክል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾች ወደ እርሻው ሲመጡ በአዋጁ ቃል ሳይሆን በርስቱ ላይ የሚደርሰውን አሰበ፤ ዛሬ የተገመተ መሬት ነገ ይወሰዳል ብሎ ፈራ። በባለሥልጣኖች ላይ የነበረውም ቅሬታ ተጨመረበት። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ሸፈቱ። ጦርና አውሮፕላን ተላከ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ።

ይህ የግብር ታሪክ ከውኃ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያገናኘው ይህ ነው፤ ምክንያቱን ሳይነግር ሜትር ይዞ በሰው ማሳ የሚቆም ሁሉ «ምን ሊወስድብኝ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይቀሰቅሳል። ውኃን የሚለካም ሰው የሚቆመው በዚያው ማሳ ላይ ነው።

ሐ/ ማን ይጠየቅ?

ለምሳሌ ያህል አንድ ምንጭ እንውሰድ። ባለሙያው ምንጩን አጎልብቶ፣ በሲሚንቶ ገድቦና አጥሮ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ሊያወጣ አስቧል። የቀበሌው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተስማሙ እንበል። ይህ በቂ ነውን?

ምንጩ ሲታጠር ከብቶች የሚጠጡበት ቦታ ይዘጋል፤ ስለዚህ እረኛው ይጠየቅ፤ ምናልባት ከታች በኩል ገንዳ ቢሠራ ይበቃ ይሆናል። ከምንጩ በታች በቦይ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ይኖራል፤ እርሱም ይጠየቅ። ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ የተከለው ደግሞ ሳይጠየቅ ቢቀር ውኃው ከዓመት ወደ ዓመት ሊያንስ ይችላል። ከሁሉ በፊት ውኃ የምትቀዳው ሴት ትጠየቅ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ዓመት ዕቅድ ለገጠር ሰው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ ያስብ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የተከተለው ዕቅድ መጠኑን 25 ሊትር፣ ርቀቱን 1 ኪሎ ሜትር አደረገው። መልካም ነው። ነገር ግን 1 ኪሎ ሜትር በሜዳና 1 ኪሎ ሜትር በገደል አንድ አይደሉም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ መሆኑን የምታውቀው ተሸካሚዋ ናት።

መ/ ከሥራ የተገኘ ማስረጃ

ምክር ጊዜ ያባክናል የሚሉ አሉ። በአማራ ክልል የተሠራው ሥራ ግን ሌላ ያሳያል። ከፊንላንድ መንግሥት ጋር በመተባበር በተቋቋመው የገጠር ውኃ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ ዘዴ ተጀመረ። መንደርተኞቹ ራሳቸው ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይሰጣል፤ ዕቃውን የሚገዛውና ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው፤ ለጥገናም አስቀድሞ ገንዘብ ይቆጥባል። የእጅ ፓምፕ ጎሚኒ ሲበላ ፓምፑ ይቆማል። «የመንግሥት ነው» የተባለ ፓምፕ መንግሥትን ሲጠብቅ ይከርማል፤ «የእኛ ነው» የተባለው ግን ጎሚኒው በተቆጠበው ገንዘብ ይገዛለታል። ዘዴው በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

ይህ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በባህላዊ መስኖ ተራ የሚያከፋፍለውና ጠብ የሚዳኘው «የውኃ አባት» ተጠቃሚዎች የሚመርጡት ሰው ነው። የ1992 ዓ.ም. የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ውኃ ከሌላው አስቀድሟል፤ ለባህላዊ መስኖም ፈቃድ አይጠይቅም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ደግሞ ለመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። በውጭ አገርም ቢሆን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውኃ ሕግ፣ የተፋሰስ ዕቅድ ረቂቅ ለሕዝብ እንዲገለጥና አስተያየት በጽሑፍ ለማቅረብ ቢያንስ 6 ወር እንዲሰጥ አዝዟል። የእኛ ገበሬ አስተያየቱን በጽሑፍ ላያቀርብ ይችላል፤ ስለዚህ በቅዳሴ መውጫና በገበያ ቀን፣ ሴቶች ከቤት ሊወጡ በሚችሉበት ሰዓት፣ በቃል ይጠየቅ፤ የተናገረውም ይጻፍለት።

ሠ/ የእኛ ድርሻ

ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ የሕግ ሰው፣ የጤና ሠራተኛ ሆኖ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚሄድ አለ። ከመሄዱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በልቡ ይያዝ።

1. ዕቅዱ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ጠይቄአለሁ ወይስ ካለቀ በኋላ?

2. በስብሰባው ያልተገኘው ማን ነው? ስለ ምን ቀረ?

3. ሕዝቡ ከነገረኝ ውስጥ የተቀበልሁትንና ያልተቀበልሁትን፣ ያልተቀበልሁበትንም ምክንያት ተመልሼ ነግሬዋለሁን?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ብዙዎቻችን ጠይቀን መሄድን እንጂ ተመልሶ መንገርን አልተማርንምና። ሕዝብ ግን መልስ ያላመጣለትን ጠያቂ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን አይነግረውም።