በውጭ አገር በስፖርት ውድድር ላይ ስለሚሠራ ጊዜያዊ ሥራ፤ ሒሳቡና ደንቡ

ልጆቻቸውን ወይም የዘመዶቻቸውን ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የላኩ ነጋዴዎች፥ ሰኔ በገባ ቍጥር «በታላቅ የስፖርት ውድድር ላይ የሁለት ሳምንት ሥራ አግኝቻለሁና ይፈቀድልኝ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። አባትም በአንድ በኩል ልጁ ሠርቶ ማደርን በመማሩ ደስ ሲለው፥ በሌላ በኩል ትምህርቱ እንዳይሰናከል፥ ከዚያም የባሰ የመኖሪያ ፈቃዱ እንዳይሰረዝበት ይሰጋል። እኔ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት የማገለግል ነኝ። በ2025 ዓ.ም. የአሠሪዬ የእኅት ልጅ በሎንዶን ከተማ በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ላይ እንጆሪ ሲሸጥ የተጻጻፍነው ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ያለፈ ስለሆነ፥ ነገሩን በሒሳብ አስደግፌ ለአንባቢያን ማቅረቡ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዊምብልደን በሎንዶን ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፥ ውድድሩ የተጀመረው በ1877 ነው። በየዓመቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ለ14 ቀን ይደረጋል። በእነዚህ 14 ቀኖች ከ500,000 የሚበልጥ ተመልካች ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚመጣው ዓመት ድረስ ይህ ገበያ የለም። ስለዚህ በረኛው፥ ምግብ አቅራቢው፥ ዕቃ አጣቢው፥ ወረፋ አስከባሪው አብዛኛው ለእነዚህ ቀኖች ብቻ የሚቀጠር ነው። አበባ ወደ አውሮፓ የሚልኩ ነጋዴዎቻችን የቫለንታይን ቀን ካለፈ በኋላ የደረሰ ጽጌረዳ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ስለሚያውቁ፥ ይህ ዓይነቱ ገበያ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም።

አሠሪዬን ከሁሉ ይልቅ የማረካቸው የእንጆሪው ነገር ነበር። እንጆሪው የሚመጣው ከሎንዶን ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከኬንት አውራጃ ሲሆን፥ ዝርያው ሞሊንግ ሴንተናሪ ይባላል። በአንድ ውድድር ወደ 38 ቶን ያህል ይሸጣል። ቀኑ ሳይሞቅ ማለዳ ተለቅሞ፥ ተመርጦ፥ ቅጠሉ ተነቅሎ፥ ቢያንስ 10 ፍሬ በአንድ ዕቃ ተደርጎ በክሬም ይቀርባል። የአንዱ ዕቃ ዋጋ ከ2010 እስከ 2024 ድረስ 2 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ሆኖ ሲቈይ፥ በ2025 በ20 ፔንስ ብቻ ተጨምሮ 2 ፓውንድ ከ70 ፔንስ ሆነ፤ ይኸውም ከመቶ 8 እጅ መሆኑ ነው። አሁን ከዚህ ጋር የሠራተኛውን ዋጋ እናስተያይ። በ2010 ውድድሩ ሲደረግ በእንግሊዝ አገር ሕግ ለዐዋቂ ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 5 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ነበረ። በ2025 ግን 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ደረሰ፤ ማለት ከእጥፍ በለጠ። ታዲያ የሻጩ ዋጋ ከእጥፍ ሲበልጥ የዕቃው ዋጋ እምብዛም ያልጨመረው ለምንድን ነው? በእኔ ግምት እንጆሪው የውድድሩ ምልክት ስለሆነና ለእርሱ ብሎ የመጣ ሰው መጠጡንም ሌላውንም ምግብ ስለሚገዛ ነው። ደንበኛ ለመጥራት ስኳር በመጣበት ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ልጁ እንደ ጻፈልን ከሥራው የሚከብደው መሸጡ ሳይሆን መቆሙ ነው። ገዢ ቀኑን ሙሉ በእኩል አይመጣም፤ አንድ ግጥሚያ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፥ ከዚያም ጭር ይላል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጣሪያ ያላቸው ሁለቱ ታላላቅ ሜዳዎች ብቻ ጨዋታውን ስለሚቀጥሉ፥ በሌሎቹ ሜዳዎች የነበረው ሕዝብ መጠለያ ፍለጋ ወደ ምግብ መሸጫዎቹ ይመጣል። ስለዚህ የጠረጴዛው ኀላፊ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ሰማይ ማየት ልማዱ ነበር ይላል። የተዘጋጀው እንጆሪ ካነሰ ሰልፉ ይበተናል፤ ከበዛ ደግሞ ለነገ አያድርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሠራተኛው 21 ዓመት የሞላው ነው እንበል፤ ከ18 እስከ 20 ዓመት ላለው የ2025 ዝቅተኛ ተመን በሰዓት 10 ፓውንድ ብቻ ነበረና። የዕረፍት ቀን በሕግ ስለሚገባው ከ14ቱ ቀን 12ቱን፥ በቀን የሚከፈልበት 9 ሰዓት ቢሠራ 108 ሰዓት ይሆናል፤ በ12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ሲባዛ 1,318 ፓውንድ ከ68 ፔንስ። ሰዓቱ ለሚለዋወጥ ሠራተኛ የዕረፍት ክፍያ ከመቶ 12.07 ስለሚታሰብ 159 ፓውንድ ከ16 ፔንስ ይጨመርና ድምሩ 1,477 ፓውንድ ከ84 ፔንስ ይሆናል። ይህን የዕረፍት ክፍያ ብዙ ተማሪዎች አያውቁትም፤ አንዳንዱ ቀጣሪ ለብቻው ጽፎ ይከፍላል፥ አንዳንዱ በሰዓቱ ተመን ውስጥ አስገብቶ ያስታውቃል። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ ከፍ ያለ መስሎ የሚታየው ተመን ይህን የጨመረ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ የሚቀነስ አለ። በሳምንት ከ242 ፓውንድ በላይ ከሆነው ገንዘብ ከመቶ 8 ለብሔራዊ ኢንሹራንስ ይያዛል፤ ክፍያው በሁለት ሳምንት እኩል ቢከፈል 79 ፓውንድ ከ51 ፔንስ ይሆናል። ይህ አይመለስም። የገቢ ግብር ግን ሌላ ነው። በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ድረስ ያለው ገቢ ግብር ስለማይከፈልበት፥ ሌላ ገቢ የሌለው ተማሪ ምንም አይከፍልም። ነገር ግን አዲስ ሠራተኛ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከኤፕሪል 6 ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ አልነበረኝም የሚለውን ትቶ ሌላውን ምልክት ካደረገ፥ እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ይታሰብና ወደ 199 ፓውንድ ያህል ይያዝበታል። ገንዘቡ ሲጠየቅ ይመለሳል፤ ለዚህም ሥራውን ሲለቅ የሚሰጠውን ፒ 45 የሚባለውን ወረቀት መያዝ ይገባዋል። የአሠሪዬ የእኅት ልጅ ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለላከልን ዛሬም በመዝገቤ ውስጥ አለ።

ኢንሹራንሱ ተቀንሶ 1,398 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ቀረ። ለመጓጓዣ በቀን 10 ፓውንድ፥ ለጥቁር ጫማ 35 ፓውንድ ብናስብ ቀሪው 1,243 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ነው። ይህ ግን ቀድሞውኑ በሎንዶን ለሚኖርና የቤት ኪራዩን ለሚከፍል ተማሪ ነው። ከሌላ ከተማ መጥቶ ለአንድ ሌሊት 30 ፓውንድ እየከፈለ 14 ሌሊት የሚያድር ከሆነ 420 ፓውንድ ይሄድበትና 823 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ይቀረዋል። ለሥራው ብቻ ብሎ ከአዲስ አበባ ስለሚሄድ ሰው ማሰብ ደግሞ ከንቱ ነው። የአውሮፕላኑን ዋጋ ትተነው እንኳ፥ የእንግሊዝ አገር የጎብኚ ቪዛ መሥራትን ይከለክላል።

የተማሪ ቪዛም ቢሆን ወሰን አለው፤ አባቶችም ከሒሳቡ ይልቅ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ሳምንቱም ከሰኞ እስከ እሑድ ይቈጠራል። በዕረፍት ጊዜ ግን ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በውድድሩ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ያለ ሥጋት ይሠራል። የማስተርስ ተማሪ ግን ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በዚሁ ወራት ስለሆነ፥ ክፍል ባይገባም ብዙውን ጊዜ በትምህርት ላይ እንዳለ ይቈጠራል። የእኛው ልጅ አንድ ጓደኛ ይህን ሳያውቅ ለ12 ቀን ሊፈርም ነበር፤ ደግነቱ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ቢጠይቅ 20 ሰዓት ብቻ እንደ ተፈቀደለት ነገሩትና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሠራ። ከወሰኑ ያለፈ ተማሪ ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል፤ ያን ጊዜ አባት የሚያጣው የሁለት ሳምንት ደመወዝ ሳይሆን የከፈለውን የትምህርት ገንዘብ ሁሉ ነው።

በታላላቅ ውድድሮች ሰሞን ገንዘብ ተቀብለው ሥራ እናስገባለን የሚሉ ደላሎችም ይነሣሉ። በእንግሊዝ አገር በ1973 በወጣው የሠራተኛ አገናኞች ሕግ፥ ለእንደዚህ ያለው ሥራ ማስገኛ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል የተከለከለ ነው። ስለዚህ ለእንጆሪ ሻጭነት ወይም ለበረኛነት የማስገቢያ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ፥ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሊታመን አይገባውም። በጎ ፈቃደኛ የሚባለውም ከሠራተኛ የተለየ ነው፤ ለምሳሌ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ 45,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች ሲያገለግሉ ደመወዝ አልተከፈላቸውም። ውል ሲቀርብ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነበብ።

ጊዜያዊ ሥራ ከዓመት ዓመት ይኖራል ብሎ መተማመንም አይቻልም። በዊምብልደን ኳስ ከመስመር መውጣቷን የሚጠሩ 300 ያህል ዳኞች በየዓመቱ ይመጡ ነበር። በ2025 ግን ሥራቸው ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተሰጠና ወደ 80 የሚሆኑት ብቻ በግጥሚያ ረዳትነት ቀሩ። መሣሪያውም ቢሆን በዚያው ዓመት በዋናው ሜዳ ላይ በስሕተት ጠፍቶ ክርክር አስነሥቷል፤ ሆኖም ሰዎቹ አልተመለሱም።

የዊምብልደን ምግብ ቤቶች ሠራተኛ የሚመለምሉት ውድድሩ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ ለመታወቂያ ማጣራትና ለሥራ ገለጻም ጊዜ ያስፈልጋል። አሠሪዬ ስለዚህ የሚመጣውን የፈቃድ ደብዳቤ በጥር እንዲልክ ለልጁ ጽፈውለታል፤ ከደብዳቤውም ጋር ትምህርት ቤቱ የዕረፍቱን ቀን የገለጸበት ወረቀትና የውሉ ግልባጭ እንዲያያዝ አዝዘዋል።