ሕፃናት ላሉበት ቤት የመኪና አመራረጥ

መኪና ሊገዛ የተነሣ አባወራ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ኮፈኑን ያስከፍታል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ያያል፤ ከዚያም ዋጋውን ይጠይቃል። ልጆቹ የሚቀመጡበትን የኋላ ወንበር የሚያስታውሰው ግን ውሉ ተፈርሞ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ሰቡን ጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጓዝ ነው። ከዚህ በታች የሚገለጠው ሥርዓት ይህን ልማድ ገልብጦ ከኋላ ወንበር የሚነሣ፣ ሞተርንና ንዋይን በየተራቸው የሚያስከትል፣ የሊብሬንና የውልን ነገር በፍጻሜው የሚያደርግ ሲሆን፣ የተጻፈውም ይልቁንም በአዲስ አበባ ለሚኖር፣ ገቢው መጠነኛ ለሆነና ልጆቹ ገና ለትምህርት ላልደረሱ ቤተ ሰብ ነው።

እንግዲህ ተቀዳሚው ሥራ ከመኪናው በፊት የሕፃን ወንበር መግዛት ወይም ከዘመድ መዋስ፣ ያንንም ይዞ ወደ መኪና ሻጭ መሄድ ነው፤ ሻጩና ደላላው ቢስቁ ይሳቁ። የአራስ ሕፃን ራስ ከቁመቱ አራተኛውን እጅ ያህል ስለሚይዝ፣ አንገቱም ገና ስላልጸና፣ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚያስቀምጠው ወንበር የግጭቱን ኃይል በጀርባው ሁሉ ላይ ስለሚያከፋፍልለት ለእርሱ የተገባው አቀማመጥ ይህ ነው። «እናቱ ታቅፈዋለች» የሚለው መልስ ግን ፍቅርን እንጂ ስሌትን የተከተለ አይደለም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ሆኖ ያርፋልና፣ ያንን የሚችል ክንድ የለም።

ወንበሩን ከፊተኛው ተሳፋሪ ጀርባ አስገብቶ፣ ፊት ለፊት ረዘም ያለ ሰው አስቀምጦ፣ የሰውየው ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን ማየት ይገባል። ከዚያ በኋላ ጣትን በኋላው ወንበር መቀመጫና መደገፊያ መካከል ሰድዶ፣ አይሶፊክስ የሚባሉት ሁለት የብረት ቀለበቶች እንዳሉ መዳሰስ፣ ከሌሉም የደኅንነት ቀበቶው ወገብንና ትከሻን አንድ ላይ የሚይዝ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ በቀደሙት መኪኖች ላይ የመካከለኛው ቀበቶ ወገብን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ይገኛልና። ቀበቶውን በድንገት ሲስቡት መያዝ አለበት። እስከ ፍጻሜው ስበው ሲያወጡት በግርጌው ከተሰፋው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፎ ከተገኘና ከመኪናው ዓመት ጋር እጅግ ከተራራቀ፣ ወይም ቀበቶው የጭቃ ውሃ መስመር ካለበት፣ ያ መኪና ወይ ተጋጭቶ ወይ ጎርፍ ገብቶበት የነበረ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሕፃናት ያሉት ደግሞ ሜትር ይዞ ይሂድ፤ ቪትዝን የመሰለው ትንሽ መኪና በውጭ ሲለካ እንኳ 1.70 ሜትር ስፋት አይሞላምና፣ ሦስት የሕፃን ወንበር ጎን ለጎን ያስተናግዳል ብሎ ማሰብ ከንቱ ተስፋ ነው።

ስለ ቪትዝ ከተነሣ ዘንድ፣ በከተማችን እጅግ የተወደደውን ይህን መኪና በሚመለከት አንድ ነገር ሳልገልጥ ማለፍ አልወድም። ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ስም ነው፤ በሌላው ዓለም ያው መኪና ያሪስ ተብሎ ተሸጧል፤ በጃፓን መኪና በግራ መንገድ ስለሚሄድ መሪው በቀኝ ነው፤ አገራችን ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መንገድ ትነዳለች። ስለሆነም መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ያገኘ ገዢ፣ መሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በሰው እጅ የተዛወረ እንደሚሆን ጠርጥሮ፣ የአየር ከረጢቱ በእርግጥ በቦታው አለ ወይስ ክዳኑ ብቻ ነው፣ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ፔዳል እንዴት ተቀጠሉ ብሎ በታወቀ መካኒክ ያስመርምር። ምልክቱም የሻንሲው ቁጥር ነው፤ ከጃፓን ውጭ ለሚሸጡት 17 ፊደልና አኀዝ ሲሆን ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ቁጥር አላቸው። በእኔ በኩል፣ ዋጋቸው የተቀራረበ ሆኖ ከተገኘ፣ መሪው ከተዛወረ አዲስ መሰል ቪትዝ ይልቅ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ግን መሪው በፋብሪካ በግራ የተሠራ ያሪስ ወይም ኮሮላ እመርጣለሁ። የፊት ተሳፋሪው የአየር ከረጢት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር በምንም ምክንያት ከፊት አይቀመጥም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ የሚመታው ወንበሩን ከነሕፃኑ ነውና።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ አየሩም የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በጠረፍ አገር ከሚሰጠው ኃይል አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። በሜዳ አገር ለሁለት ሰው የበቃው የ1.0 ሊትር ሞተር አራት ሰውና የሳምንት አስቤዛ ጭኖ የሽሮ ሜዳን አቀበት ሲወጣ፣ ማርሽ እየቀነሰ እየጮኸ፣ ይቆጥበዋል የተባለውን ነዳጅ መልሶ ይጠጣዋል። ስለዚህ ለትንሽ ቤተ ሰብ ከ1.3 እስከ 1.5 ሊትር ያለው መካከለኛ መጠን የተሻለ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለከተማ ኑሮ ትርፍ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ስለጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ በገዢው ፊት ያሉት መንገዶች በአመዛኙ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከዚህ በፊት የገባውን የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ መግዛት፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታው ኃይሉን አይቀንሰውም፤ ልጅ አድርሶ ወደ ሥራ፣ ከሥራም ወደ ገበያ ለሚመላለስ ቤት ከእርሱ የሚረክስ የዕለት ወጪ አይገኝም። ነገር ግን ጥያቄው የት ይሞላል የሚለው ነው። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶውን ሆኖ በ220 ቮልት፣ በ10 አምፔር ሶኬት ቢሰካ ሊሞላ 14 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ሰዓት ይረዝማል፤ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደግሞ ቀጭን ገመድ በመስኮት ቁልቁል አውርዶ መኪና መሙላቱ እሳት መጥራት ነው። የራሱ ግቢ፣ የራሱም ቆጣሪ ያለው ሰው የኤሌክትሪኩን ያስብበት፤ ሌላው ለጊዜው ከቤንዚኑ ጋር ይቆይ።

ያገለገለ መኪና የሚታየው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ኮፈኑን በእጅ ዳስሰው ሙቀት ካገኙበት ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና፣ አመስግነው በማግሥቱ ይመለሱ። ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ውሃ በቴስታታው በኩል ይገባል ማለት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ እያነበበ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ያለቀ፣ የመሪው ቆዳም የተላጠ ከሆነ እውነቱን የሚመሰክረው ፔዳሉ ነው። በመኪናው ጎማ ላይ ከሚነበቡት አራት አኀዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በቦዲው ላይ ሲያንሸራትቱት በማይዝበት ስፍራ ከቀለሙ በታች ስቱኮ ሊኖር ይችላል፤ በተለይ በኋለኞቹ በሮች ዙሪያ እንዲህ ቢገኝ ግዢውን መተው ይሻላል።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ ቦሎው የዓመቱ ይሁን፤ መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ከመዝገቡ ይረጋገጥ፤ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ የሚሸጥ መኪና ዋጋው ቢቀንስም፣ ወካዩ በሞተ ዕለት ውክልናው ስለሚፈርስ፣ ገዢው ከወራሾች ጋር ክርክር ሊገጥመው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና እንደማይጠግንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ የሚሰጥ ገዢ በሁለተኛው ወር ይቸገራልና፣ ከአሥር አንዱን እጅ ለብቻው ያስቀምጥ፤ በዚያም የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ ማጣሪያዎቹን፣ የፍሬን ሸራውንና ያረጁትን ጎማዎች በመጀመሪያው ሳምንት ያስለውጥ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን ራሱ ቢገዛና መካኒኩን ለእጅ ሥራው ብቻ ቢከፍል ይረክስለታል። መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣም በኋለኞቹ በሮች ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የሕፃናት መቈለፊያ ሁለቱንም ወገን ያስሞክር።