ችግኝ ለምን ይጠወልጋል? ለምንስ ይሞታል?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ በርበሬና ስለ ቲማቲም ችግኝ ሲጽፉ ስታዩ «እነዚህን ደግሞ ምን አገባቸው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ይህን ነገር የተማርነው ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከገዛ ጥፋታችን ነው።

ባለፈው በጋ ከመኝታ ቤታችን ጓሮ አንዲት ጠባብ መሬት ቆፍረን የቲማቲምና የበርበሬ ዘር ዘራን። ዘሩ በቀለ፤ ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን በአንዱ ጥግ ያሉት ቡቃያዎች አንገታቸውን ደፉ። እኛም «ውሃ ጠምቷቸዋል» ብለን ጠዋትና ማታ በባልዲ አጠጣናቸው። በማግሥቱ የወደቁት በዙ፤ እኛም ውሃውን አበዛን። አምስት ቀን ሳይሞላ መደቡ ባዶ ቀረ። በዚህ ጊዜ የግቢው አትክልተኛ መጥተው አንዱን ቡቃያ በሁለት ጣታቸው አነሡና ግርጌውን እያሳዩን «ልጆቼ፥ ይህ በጥም አልሞተም፤ በእናንተ ደግነት ነው የሞተው» አሉን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የአባባን ቃል ምክንያቱን መርምረን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ቋንቋችን በጥም የዛለውንም፥ በበሽታ የተያዘውንም ተክል «ጠወለገ» ይለዋል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ መድኃኒቱም አንድ ይመስለናል። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ችግኝ ውሃ ሲጠማው መደቡ በሙሉ ባንድነት ይዝላል፤ ይልቁንም ቀትር ላይ። አፈሩን በጣት ቢጭሩት ደረቅ ነው፤ ግንዱ ግን ጠንካራ ነው። ውሃ ባገኘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀና ይላል። በበሽታ የተያዘው ግን አፈሩ እርጥብ ሳለ ይወድቃል። ሕመሙ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በክብ እየሰፋ ይሄዳል። ግርጌው ውሃ የዘለቀው መስሎ ይለሰልሳል፤ ይጠቁራል፤ እንደ ክር ይቀጥንና ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ይጋደማል። አንዳንዴም ዘሩ ከአፈር ሳይወጣ እዚያው ይበሰብሳል፤ እኛም «ዘሩ ክፉ ነበር» ብለን ሻጩን እናማለን። ሦስተኛም ጠላት አለ፤ እርሱም ቆራጭ ትል ነው። እርሱ የነካው ግንድ በምላጭ እንደ ተቆረጠ ይሆናል፤ ከአጠገቡ አፈሩን ቢጭሩትም ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል።

በሽታውን የሚያመጡት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ዋኖቹም ፒቲየም፥ ራይዞክቶኒያና ፉዛሪየም ይባላሉ። ራይዞክቶኒያ ሶላኒ የተባለውን ሻጋታ ከድንች ላይ አግኝቶ የገለጸው ዩልየስ ኪውን የተባለ የጀርመን ሊቅ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 ነበር። ፒቲየም ግን ሻጋታ ይምሰል እንጂ ከእውነተኛው ሻጋታ ወገን አይደለም። የሚራባባቸው ረቂቃን ፍሬዎች ጭራ ስላላቸው በአፈሩ ውስጥ በቆመው ውሃ እየዋኙ ወደ ለጋው ሥር ይደርሳሉ። እንግዲህ እኛ ጠዋትና ማታ በባልዲ ስናፈስ የነበረው ለጠላት መንገድ ነበር ማለት ነው። ራይዞክቶኒያ በበኩሉ ሞቃት አፈር ይወዳል፤ ብዙ ውሃም አይፈልግም። ስለዚህ ውሃ መቀነስ ብቻውን አይበቃም።

ደግነቱ ይህ አደጋ የሚበረታው በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ግንዱ እየጠነከረ ሲሄድ በሽታው እንደ ፊተኛው በቀላሉ አይጥለውም። ሥራው ሁሉ ያን አጭር ጊዜ መጠበቅ ነው።

ነገሩ የጓሮ ጨዋታ እንዳይመስለን። ማረቆና አላባ የታወቁበትን በርበሬ እናስብ። በዝናብ በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ችግኙን በመደብ አፍልቶ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳው ያዛውራል፤ ችግኙም ሁለት ወር ያህል በመደብ ይቆያል። መደቡ በግንቦት ቢያልቅበት እንደ ገና የሚዘራው ዘር ለማሳ የሚደርሰው ክረምቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የጠፋው የአንድ እፍኝ ዘር ዋጋ ሳይሆን የዓመቱ ገቢ ነው። ከዚያም ገቢ ውስጥ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ የሚገዛለት ልጅ አለ።

መከላከያው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መደቡ አምና ቲማቲም፥ በርበሬ ወይም ድንች ካልነበረበትና ውሃ ከማይተኛበት ቦታ ይሁን። ከመሬት 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ስፋቱም ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ዙሪያውን ቦይ ይኑረው።

ሁለተኛ፤ ያልበሰለ ፍግ አይጨመርበት፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይሁን እንጂ።

ሦስተኛ፤ ከመዝራት በፊት በበጋው ፀሐይ አፈሩን አርሶ በነጭ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አጥብቆ መሸፈን ብዙውን ጠላት ያጠፋል። ለትንሽ ሣጥን የሚሆን አፈር ከሆነ እርጥቡን አፈር 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት 30 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል።

አራተኛ፤ ዘሩ አይበተን፤ በመስመር ሳሳ ተደርጎ ይዘራ። በመስመርና በመስመር መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ ጥልቀቱም ከ1 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። የተጨናነቀ ቡቃያ ነፋስ አያገኝም፤ በሽታውም ካንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል።

አምስተኛ፤ ባለ ወንፊት ማጠጫ በመያዝ ጠዋት ማጠጣት ነው፤ እስከ ማታ የላይኛው አፈር ጠፈፍ እንዲል። የሣር ጉዝጓዙም ዘሩ ብቅ እንዳለ ይነሣ፤ ዳሱም ቀስ በቀስ ይሳሳ።

ስድስተኛ፤ ጥቂቶች ቢወድቁ ከነአፈራቸው አውጥቶ ራቅ አድርጎ መጣል፤ መሣሪያውን ማጠብ፤ ውሃውንም ለጊዜው መያዝ ይገባል። የወደቀውን የሚያነሣ መድኃኒት የለም። መድኃኒት የተለወሰ ዘር የሚገዛ ሰው ቢኖርም በባዶ እጁ አይንካው፤ የተረፈውንም ለምግብ አያድርገው።

እኛም ይህን ተከትለን ሁለተኛ መደብ አበጀን። ከዚያም ውስጥ የወደቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ዛሬ በጓሯችን ቆመዋል። አባባም አይተው «አሁን ገና ማየት ጀመራችሁ» አሉን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እናቶቻችን በመደባቸው አጠገብ ቆመው «ጠወለገብኝ» ቢሉን ባልዲ ለማንሣት አንቸኩል። አስቀድመን ጎንበስ ብለን ግርጌውን እንይ።