የሞተር ብስክሌት ጎማ መድፈኛ ፈሳሽ፦ ጥቅሙ፣ ገደቡና አጠቃቀሙ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

የልማት ሠራተኛ ምክር የሚጠቅመው በጊዜው ሲደርስ ነው። በስንዴ ማሳ ላይ ዋግ በታየ ጊዜ የጥቂት ቀናት መዘግየት ከፍተኛ የምርት ጉዳት ያስከትላል። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜም ከአንድ ቀን ብዙ ስለማይዘልቅ፣ የማዳቀያ ባለሙያው በሰዓቱ ካልደረሰ አርቢው 3 ሳምንት ያህል ለመጠበቅ ይገደዳል።

ሞተር ብስክሌትን መንገድ ላይ ከሚያስቀሩት ምክንያቶች አንዱ የጎማ መበሳት ነው። በስምጥ ሸለቆ የግራር እሾህ፣ በሌላውም ቦታ ከአጥር የወደቀ እሾህና የወዳደቀ ምስማር ጎማ ይበሳሉ። በጉዞ ላይ የፊት ጎማ በድንገት ሲተነፍስ ደግሞ አሽከርካሪውን ሊጥል ይችላል። ለዚህ መከላከያ የሚሆን ፈሳሽ በገበያ ላይ ይገኛል። ፈሳሹ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የማይሠራውን ሥራ ከእሱ መጠበቅ ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ጥቅሙንና ገደቡን ለይተን እናቀርባለን።

2. የፈሳሹ አሠራር

ፈሳሹ ወፈር ያለ ሲሆን፣ በውስጡ ጥቃቅን ጭረቶችና የጎማ ብናኝ ወይም የጎማ ወተት ይዟል። ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ በውስጠኛው ገጽ ላይ ይዳረሳል። እሾህ ሲገባ የሚወጣው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ጭረቶቹም ቀዳዳው ውስጥ ተጠላልፈው ይደፍኑታል።

ይህ የሚሆነው መሬት በሚነካው የጎማ ክፍል ላይ ብቻ ነው። የጎማው ጎን ሁልጊዜ ስለሚተጣጠፍ ድፍኑ አይጸናም። የተቀደደ ወይም የተሰነጠቀ ጎማም በፈሳሽ አይድንም።

3. ከመነዳሪ ያለውና የሌለው ጎማ

ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ፈሳሹ በተሻለ ሁኔታ ይሠራል፤ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ራጂ ያላቸው የገጠር ሞተር ብስክሌቶች ግን በአብዛኛው ከመነዳሪ አላቸው። ከመነዳሪ ስስና የተወጠረ በመሆኑ ቀዳዳው ቶሎ ይሰፋል፤ አየሩም በራጂዎቹ ሥር ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ለከመነዳሪ ተብሎ የተሠራውን ፈሳሽ መግዛት ያስፈልጋል፤ የሚደፍነውም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የግራር እሾህ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

4. ፈሳሹና የጎማ ሚዛን

ፈሳሹ የጎማን ሚዛን ያስተካክላል ሲባል ይሰማል። በአስፋልት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዱ ፈሳሹ ወደ ቀላሉ ጎን ሄዶ መንቀጥቀጥን ሊቀንስ ይችል ይሆናል። በኮረኮንች መንገድ በዝግታ ለሚጓዝ የልማት ሠራተኛ ግን ይህ ጥቅም እምብዛም አይገኝም። መጠኑ የበዛ ወይም ደርቆ የረጋ ፈሳሽ እንዲያውም ሚዛን ያዛባል። በመሆኑም ሚዛኑ ፈሳሹ ከመጨመሩ በፊት እንደሚከተለው ይስተካከል።

ሀ) ቸርኬው ያልተጣመመ፣ ራጂዎቹ ያልላሉ፣ ኩሽኔታው ያልተበላ መሆኑን ማረጋገጥ።
ለ) እግሩን አውልቆ በፔርኖው ላይ በነፃ እንዲሽከረከር ማድረግ።
ሐ) በቀስታ አሽከርክሮ ሲቆም፣ ወደ ታች የሚውለውን ቦታ በጠመኔ ማመልከት። ይህንን 3 ጊዜ መደጋገም።
መ) ሁልጊዜ አንድ ቦታ ወደ ታች ከዋለ ከባዱ ጎን እሱ ነው። በትይዩው ባለው ራጂ ላይ ትንሽ እርሳስ ማሰርና እንደገና መሞከር። የሚቆምበት ቦታ በየጊዜው ከተለያየ ሚዛኑ ተስተካክሏል።

5. አጨማመር

ሀ) ቫልቮላውን ከጎማው ታችኛ ክፍል ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ማቆም፤ ታች ከሆነ ፈሳሹ ይደፍነዋል።
ለ) አየሩን አስወጥቶ የቫልቮላውን ውስጠኛ ክፍል መፍታት።
ሐ) ጠርሙሱን በደንብ በጥብጦ በመለያው ላይ የተጻፈውን መጠን መጨመር። መጠኑ እንደ ጎማው ስፋት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ200 እስከ 350 ሚሊ ሊትር ነው።
መ) ቫልቮላውን አጥብቆ በሞተሩ መመሪያ በተመለከተው ልክ አየር መሙላት።
ሠ) ወዲያውኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንዳት።

6. ጎማው ከተበሳ በኋላ

ከመነዳሪ ባለው ጎማ የገባው እሾህ ወዲያውኑ ይነቀል፤ ከቆየ ከመነዳሪውን እየፋቀ ያሰፋዋል። ቀዳዳውን ወደ ታች አዙሮ ጥቂት ከጠበቁ በኋላ፣ የጎደለውን አየር ሞልቶ በዝግታ መጓዝ ይቻላል። ፈሳሹ የወጣውን አየር አይተካም፤ ስለዚህ መንፊያ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

ከጉዞ በኋላ ጎማው ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። ፈሳሽ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረው፤ ከመነዳሪው በውሃ ታጥቦ ካልደረቀ ማስቲሹ አይዝም። የእሾህ ስባሪ በጎማው ውስጥ ከቀረም የተለጠፈው ከመነዳሪ በማግሥቱ እንደገና ይበሳል። ስለዚህ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ማበስና ጨርቁ የሚያዝበትን ቦታ መመርመር ያስፈልጋል።

7. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ሀ) ከመግዛት በፊት የአገልግሎት ዘመኑ ይታይ። በቆላ ሙቀት በተለይ የጎማ ወተት ያለበት ዓይነት ቶሎ ይደርቃል።
ለ) ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት ካርድ ተዘጋጅቶ፣ ፈሳሹ የተጨመረበት ቀንና የተበሳበት ጊዜ ይመዝገብ።
ሐ) የፀረ ተባይ መስፈሪያ ለዚህ ሥራ አይዋል፤ የፈሳሹ ባዶ ጠርሙስም ለዘይት ወይም ለውሃ አይዋል።
መ) አንዳንዱ ፈሳሽ ከብት የሚመርዝ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ የሆነ ኬሚካል አለበት። አሮጌው ፈሳሽ ከብቶች በሚጠጡበት ወይም በሚግጡበት ቦታ አይደፋ።

8. ማጠቃለያ

ፈሳሹ መንገድ ያስጨርሳል እንጂ ጎማ አይጠግንም። በእሱ ተማምኖ ጎማ መመርመር የተወ ሰው ፈሳሽ ከሌለው ሰው ይልቅ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። በመሆኑም በየጠዋቱ አየሩን መለካት፣ የጎማውን ጥርስና ጎኑን ማየት፣ መለጠፊያና መንፊያ መያዝ እንዳይዘነጋ አጥብቀን እንመክራለን።