ያገገሙ ተብለው የተቆጠሩት፦ ሕክምናና ጥናት በአንድ ካርድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ በኋላ የተያዙ፣ የሞቱና ያገገሙ ሰዎች ቁጥር በየዕለቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገረን ነበር። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንደመሆኔ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ያገገሙ» የሚለው ቃል ነው። ያገገመ ሰው ከዜናው ይወጣል፣ ከሐኪሙ መዝገብም እንደዚያው። ግን ሁሉም የእውነት አገግሟል ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው ፍቺ መሠረት፣ ኮቪድ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል ሕመም ሎንግ ኮቪድ ይባላል። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ነገር መርሳት ከዋና ዋና ምልክቶቹ ውስጥ ናቸው። በአንድ የደም ምርመራ ብቻ የሚለይ አይደለም። ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ መድኃኒትም ገና አልተገኘለትም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንዲት ጎረቤታችን ስታዲየም አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራቸው። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ይዟቸው ተኝተው ታከሙና «ድነዋል» ተብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግን የውኃ ጀሪካን ማንሳት አቃታቸው፤ ደንበኛ ያዘዘውንም ይረሳሉ። ሦስት የተለያዩ ክሊኒኮች ሄዱ። አንዱ ደም ማነስ ነው አላቸው፣ ሌላው ጭንቀት ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ እረፍት ያድርጉ። በየቦታው አዲስ ካርድ ወጣላቸው፤ ሦስቱን ካርድ አንድ ላይ አድርጎ ያየ ግን የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እሳቸው መች ደበቁ? ሲናገሩ የሚጽፍላቸው ነው ያጡት።

መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ሲሆን ሐኪሙ ማዘዝ ይበቃዋል። ያልታወቀ ሲሆን ግን ማከምና ማጥናት ተለያይተው አይሄዱም። ይህን ኮቪድ ራሱ አሳይቶናል። በእንግሊዝ «ሪከቨሪ» የተባለው ጥናት የተካሄደው ሕሙማን በተኙባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ነበር። ፈቃደኛ ከሆኑት ሕሙማን መካከል በዕጣ የደረሳቸው ከተለመደው ሕክምና ጋር ዴክሳሜታዞን ተሰጣቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ውጤቱ ታወቀ፤ ይህ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዱ በነበሩት ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። የእኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ወር ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ።

«ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከስታዲየም በሜክሲኮና በጦር ኃይሎች በኩል ዘነበወርቅ ቢሄድ አለርት ሆስፒታልን ያገኛል። አለርት የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እዚያው ግቢ ተቋቋመ፤ ሐኪሙና ተመራማሪው ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከሞተ በኋላም የነርቭ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ የአለርት ባለሙያዎች 594 አዳዲስ ሕሙማንን እያከሙ እስከ 10 ዓመት ድረስ ተከታተሏቸው። የነርቭ ጉዳት ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ፣ ከቆየ ወይም ከተመላለሰ ግን ጠባብ መሆኑን ያዩት በዚህ መንገድ ነው። ሕክምናው አለቀ ብለው ሕሙማኑን ቢያሰናብቱ ኖሮ ይህን ከየት ያገኙት ነበር?

ሌላም ልምድ በቅርባችን አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሀገራችን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ቂርቆስ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በዚያ ሕክምና አንድ ሰው የራሱ መከታተያ ካርድና ቀጠሮ አለው፣ ሲቀርም ይፈለጋል። ከእነዚህ ካርዶች ብዙ ጥናት ተሠርቷል። ለሎንግ ኮቪድም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ነገር ይመስለኛል፦ አንድ ካርድ፣ በየቀጠሮው ተመሳሳይ ጥያቄ (ስንት ደረጃ ይወጣሉ? እንቅልፍስ? ሥራ ተመለሱ?)፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ፈቃድ ነው። «ሊሞክሩብን ነው» የሚል ፍርሃት ስላለ ጥናቱ በሚገባ ቋንቋ ሊነገር፣ እምቢ ያለ ሰውም ሕክምናው ሊቀርበት አይገባም። ሁለተኛው ክትትሉ ሰውየው በሄደበት መሄድ አለበት። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ያቺ ጎረቤታችንም ከሄዱት አንዷ ናቸው። ካርዶቻቸው እዚህ ቀሩ፣ ድካማቸው ግን አብሯቸው ሄደ።

ለእኛ ለነገ ጋዜጠኞችም የቤት ሥራ አለ። መግለጫ ላይ «ይህን ያህል ሰው አገገመ» ሲባል ቁጥሩን ገልብጠን ብቻ አንመለስ። «ከስድስት ወር በኋላስ እንዴት ናቸው? ማን ጠይቋቸዋል?» እንበል። መልስ ከሌለ፣ መልስ አለመኖሩ ራሱ ዜና ነው።