ብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ፦ የፍጥነቱ ጣሪያ የት ነው?

ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ብስክሌት ፔዳሉ ሳይመታ እየፈጠነ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ይህ መፍጠን ማብቂያ አለው ወይ? ካለውስ የሚወስነው ምንድን ነው፤ የቁልቁለቱ ርዝመት፣ የብስክሌተኛው ክብደት፣ የብስክሌቱ ጥራት ወይስ ሌላ ነገር? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የራቀ ዕውቀት አያስፈልግም። በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እንመለከታቸዋለን። በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን፣ ማለትም እንዲህ የፈጠነ ብስክሌት በምን ያህል ርቀት ይቆማል የሚለውን ጥያቄ እናነሳለን።

ሦስቱ ኃይሎች

ፔዳል ሳይመታ ቁልቁለት የሚወርድን ብስክሌተኛ ፍጥነት የሚወስኑት ሦስት ኃይሎች ናቸው።

የመጀመሪያው የመሬት ስበት ነው። ስበት የሚስበው በቀጥታ ወደ ታች ቢሆንም ከፊሉ በተዳፋቱ አቅጣጫ ይሠራል። የአንድ መንገድ ተዳፋት 10 በመቶ ነው ስንል በየ100 ሜትሩ አግድም ርቀት 10 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ላይ ብስክሌተኛውን ወደ ፊት የሚገፋው የስበት ድርሻ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው የጎማ የመንከባለል ሰበቃ ነው። በደንብ የተነፋ ጎማ በጥሩ አስፋልት ላይ ሲንከባለል ይህ ሰበቃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይለወጥም።

ሦስተኛውና ዋናው የአየር ተቃውሞ ነው። ይህ ኃይል ከሌሎቹ የሚለየው ከፍጥነት ጋር በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ፣ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእጥፍ ፍጥነት የሚሄድ ብስክሌተኛ በየሰከንዱ የሚገጥመው አየር እጥፍ ነው፤ ያንን አየር ገፍቶ የሚያስነሳበት ፍጥነትም እንዲሁ እጥፍ ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ይሆናል።

እንግዲህ ብስክሌቱ ሲለቀቅ የአየር ተቃውሞ ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ስበት ያሸንፋል፤ ብስክሌቱም ይፈጥናል። በፈጠነ ቁጥር ግን ተቃውሞው ያድጋል። ከአንድ ደረጃ ሲደርስ የአየር ተቃውሞና ሰበቃው ተደምረው ከስበት ድርሻ ጋር እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ የተጣራው ኃይል ዜሮ ነው፤ በኒውተን የመጀመሪያ ሕግ መሠረት ፍጥነቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህንን ፍጥነት የመጨረሻ ፍጥነት እንለዋለን። ቀመሩ በቃላት ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

የመጨረሻ ፍጥነት ካሬ = (2 × የተጣራ ገፊ ኃይል) ÷ (የአየር እፍግታ × ውጤታዊ የፊት ስፋት)

የተጣራ ገፊ ኃይል የምንለው ከስበት ድርሻ ላይ የመንከባለል ሰበቃ ሲቀነስ የሚቀረውን ነው። ውጤታዊ የፊት ስፋት ደግሞ ብስክሌተኛው ለነፋስ የሚሰጠው ስፋት በቅርጹ የአየር ተቃውሞ መለኪያ ሲባዛ የሚገኝ ነው።

እንጦጦ ላይ ብናሰላው

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ዓይነት ከፍታ ላይ 10 በመቶ ተዳፋት ያለው ቀጥ ያለ መንገድ አለ እንበል። ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎግራም ይመዝናል። የስበት ድርሻው 78.4 ኒውተን፣ የመንከባለል ሰበቃው 3.9 ኒውተን ስለሚሆን የተጣራው ገፊ ኃይል 74.5 ኒውተን ነው። በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎግራም ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ውጤታዊ የፊት ስፋት 0.6 ካሬ ሜትር ያህል ነው። እነዚህን በቀመሩ ውስጥ ስናስገባ የመጨረሻው ፍጥነት 16.6 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 60 ኪ.ሜ. በሰዓት ይሆናል።

አየር ባይኖርና ሰበቃም ባይኖር ይኸው ብስክሌት አንድ ኪሎ ሜትር እንደወረደ 159 ኪ.ሜ. በሰዓት በደረሰ ነበር፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥርም ፍጥነቱ ማብቂያ ባልነበረው። ስለዚህ የቁልቁለቱ ርዝመት ዋጋ ያለው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ብስክሌተኛ ከቆመበት ተነሥቶ 350 ሜትር ያህል ሲወርድ ከመጨረሻ ፍጥነቱ 95 በመቶውን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ያለውን ፍጥነት ያቆይለታል እንጂ ብዙ አይጨምርለትም።

ጣሪያውን ከፍ የሚያደርጉ ነገሮች

አቀማመጥ፦ ብስክሌተኛው ጎንበስ ብሎ፣ ክርኖቹን ሰብስቦ፣ አገጩን ወደ መሪው ቢያስጠጋ ውጤታዊ የፊት ስፋቱ ወደ 0.3 ካሬ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ በ2 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ1.41 ይባዛል። 60 የነበረው 85 ኪ.ሜ. በሰዓት ይሆናል። ምንም ገንዘብ ሳይወጣ፣ ምንም ጉልበት ሳይፈስ የተገኘ 25 ኪሎ ሜትር ነው።

ከፍታ፦ በባሕር ወለል አጠገብ የአየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎግራም ያህል ነው። ያው ብስክሌተኛ፣ ያው ተዳፋት፣ ቦታው ግን ጅቡቲ ቢሆን ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ 52፣ ጎንበስ ሲል 73 ኪ.ሜ. በሰዓት ላይ ይወሰናል። ሳሳ ያለው የደጋ አየር የፍጥነት ጣሪያውን በ15 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ክብደት፦ ጋሊሊዮ ከባድና ቀላል ነገሮች እኩል ይወድቃሉ ብሎ ያስተማረው የአየር ተቃውሞ ከቁጥር በማይገባበት ሁኔታ ነው። አየር ባለበት ግን ከባዱ ብስክሌተኛ ይቀድማል። ክብደት በመጠነ ቁስ ልክ ሲያድግ የሰውነት የፊት ስፋት ግን በዚያው ልክ አያድግም። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ሰዎች ከነብስክሌታቸው አንዱ 60፣ ሌላው 100 ኪሎግራም ቢመዝኑ የከባዱ የመጨረሻ ፍጥነት በ9 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚቀረው ወፍራም ጓደኛ ቁልቁለት ላይ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ፔዳል መምታት፦ ጎንበስ ብሎ በ85 ኪ.ሜ. በሰዓት ለሚወርደው ብስክሌተኛ ስበት 1,800 ዋት ያህል ይሰጠዋል። ጠንካራ ወጣት በእግሩ 200 ዋት ቢጨምርበት የሚያተርፈው 5 ኪ.ሜ. በሰዓት ብቻ ነው። ፔዳል ለመምታት ሲል ቀና ቢል ግን ካተረፈው በላይ ይከስራል። ከዚህም ሌላ የፊት ማርሹ 50፣ የኋላው 11 ጥርስ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት እንኳ በዚህ ፍጥነት በደቂቃ 150 ያህል ጊዜ ፔዳል ማዞርን ይጠይቃል። እሽቅድምድም ላይ ያሉ ብስክሌተኞች በገደላማ ቁልቁለት ፔዳል መምታት ትተው ጎንበስ ማለታቸው ከስንፍና አይደለም።

ክብረ ወሰኖቹ ምን ይነግሩናል?

አየር ዋናው ባላጋራ መሆኑን ለማየት ሦስት ታሪኮች ይበቁናል። እ.ኤ.አ. በ1899 ቻርልስ መርፊ የተባለ አሜሪካዊ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ከባቡር በስተኋላ ተጠግቶ፣ በሐዲዶቹ መካከል በተነጠፈ ጣውላ ላይ አንድ ማይል በ57.8 ሰከንድ ጋለበ፤ ይህም 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላዋ አሜሪካዊት ዴኒዝ ሙለር ኮረነክ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ከበስተኋላው በሚፈጥረው የነፋስ ከለላ ውስጥ ሆና 296 ኪ.ሜ. በሰዓት ደረሰች። ሁለቱም የጋለቡት በሜዳ ላይ ነው። ስበት አልረዳቸውም፤ ፊታቸው የነበረው አየር ግን ተወግዶላቸዋል።

ያለ ከለላ በስበት ብቻ ከወረዱት መካከል የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ኤሪክ ባሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች፣ ቫር በተባለ ስፍራ፣ ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ የበረዶ ቁልቁለት 227.7 ኪ.ሜ. በሰዓት ወርዷል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በኒካራጓ ሴሮ ኔግሮ እሳተ ገሞራ ላይ 172 ኪ.ሜ. በሰዓት ከደረሰ በኋላ ብስክሌቱ ተሰብሮ ክፉኛ ተጎድቷል።

የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በውድድር ላይ ከኮርቻ ወርዶ በላይኛው የብስክሌት ቱቦ ላይ መቀመጥን ከልክሏል። ይህ አቀማመጥ የነፋስ ስፋትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብስክሌቱን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ነው። ይህም ወደ መጨረሻው ጥያቄያችን ያመጣናል።

የፈጠነው እንዴት ይቆማል?

ፍጥነትን ወደ ከፍታ ብንለውጠው አደጋው ግልጽ ይሆናል። በ30 ኪ.ሜ. በሰዓት ከግድግዳ ጋር መጋጨት ከ3.5 ሜትር ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። በ60 ከ14 ሜትር፣ በ85 ኪ.ሜ. በሰዓት ከ28 ሜትር፣ ማለትም ከዘጠነኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው።

የማቆሚያውን ርቀት እናስላ። የብስክሌት ፍሬን ጥንካሬ ወሰን የሚሆነው ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ራሱ አይደለም። የፊት ፍሬን ከመጠን በላይ ሲያዝ የኋላው ጎማ ይነሣና ብስክሌተኛው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ፍጥነትን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ መቀነስ ጥሩ ችሎታ ነው፤ በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ስበት አንዱን ስለሚወስድ 4 ይቀራል። ለማስተዋልና ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ብንጨምር፣ በ30 ኪ.ሜ. በሰዓት የሚወርድ ብስክሌት በ17 ሜትር፣ በ60 የሚወርድ በ51 ሜትር፣ በ85 የሚወርድ በ93 ሜትር ይቆማል። በከተማ ቁልቁለት ላይ ሕፃን ወይም በግ ወደ መንገድ ሲገባ ከ90 ሜትር ርቀት አስቀድሞ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

መታጠፊያም የራሱ ሕግ አለው። 30 ሜትር ሬዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ፣ በደረቅ አስፋልት፣ ጎማው የሚይዘው እስከ 48 ኪ.ሜ. በሰዓት ገደማ ነው። አሸዋ ካለበት ወይም ዝናብ ከዘነበ፣ የጎማው መያዣ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ፣ ወደ 34 ይወርዳል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ያለበት መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። 80 ኪሎግራም በ1,000 ሜትር ሲወርድ 784 ኪሎጁል ኢነርጂ ይለቃል፤ ይህም ከሁለት ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ብስክሌተኛው ፍሬን እንደያዘ በቀስታ ቢወርድ የዚህ ሙቀት አብዛኛው ክፍል በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ ላይ ያርፋል። ፍሬኑ ሊደክም፣ የጎማው ካላማዳሪያ ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ከዚሁ ከተማርነው ሕግ ይገኛል፦ ቀና ብሎ መቀመጥ። አየር የማይግል፣ የማያልቅ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ፍሬን ነው። ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመጎተት ይልቅ የፊትና የኋላውን እያፈራረቁ መያዝና መልቀቅ፣ ቁልቁለቱ ረጅም ከሆነም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ለተማሪዎች መልመጃ

ተሽከርካሪ የማይበዛበት፣ መጨረሻው ሜዳ የሆነ፣ 3 በመቶ ገደማ ተዳፋት ያለው መንገድ ይምረጡ፤ የራስ ቁር ያድርጉ። ከታች 20 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉና አንዱ ተማሪ ሲወርድ ሌላው በሰዓት ይያዝ። መጀመሪያ ቀና ብሎ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፔዳል ሳይመታ ይውረድ። ከዚህ በላይ በተሰጠው ቀመር ስታሰሉ ለ80 ኪሎግራም ቀና ብሎ ለተቀመጠ ብስክሌተኛ ወደ 31፣ ጎንበስ ላለው ወደ 43 ኪ.ሜ. በሰዓት ማግኘት አለባችሁ። የለካችሁት ካሰላችሁት ቢያንስ፣ መንገዱ ወደ መጨረሻው ፍጥነት ለመድረስ አጥሮ ነው፣ ነፋስ ከፊት ነፍሶ ነው ወይስ ጎማው በደንብ አልተነፋም? ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ የመልመጃው ዋና ክፍል ነው።